የእርሻን የበሬ ሥጋ በቀጥታ ለደንበኞች ቡድን መሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከብት አድልቤ ሥጋውን በቡድን ለተሰባሰቡ ሰዎች መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት «እኔም ልሞክረው» ከሚሉ አርቢዎች ነው። እዚህ የሰበሰብኩት የእነሱን ነው። ገዢም ቢያነበው አይጎዳም፤ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል።

በቡድን መሸጥ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ከብት ከመታረዱ በፊት ሥጋው በሙሉ ባለቤት ያገኛል ማለት ነው። አራት፣ ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ሰዎች ተሰባስበው አንዱን ሰንጋ በድርሻ ይይዙታል። አንዱ ሩብ፣ ሌላው አንድ ስምንተኛ ሊወስድ ይችላል። ከብቱ የሚታረደው ድርሻው ሁሉ ሲያዝ ነው። ደላላ የለም፣ ነጋዴ የለም፣ ሳይሸጥ ቀርቶ የሚበላሽ ሥጋም የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጃፓን ገበሬውና ሸማቹ በቀጥታ የሚገናኙበት «ቴይኬይ» የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተስፋፍቷል። ፈረንሳይ ውስጥ ሸማቾች ተደራጅተው የአንድን ገበሬ ምርት ቀድመው የሚገዙበት «አማፕ» እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ሬኮ» የሚባሉ ቡድኖች አሉ። ሰው በፌስቡክ ግሩፕ ያዝዛል፤ ከዚያ በተቀጠረው ሰዓት መኪና ማቆሚያ ላይ ከገበሬው እጅ ይረከባል። ሦስቱም የሚያስተምሩት ነገር አንድ ነው፦ ትዕዛዙ ይቀድማል፣ ምርቱ ይከተላል።

ሁለት ሰንጋ ብቻ ነው ያለኝ። ልጀምር?

ጀምሩ። እንዲያውም በአንድ ብትጀምሩ ይሻላል። በመጀመሪያው ዙር ስህተት መኖሩ አይቀርም፤ በአንድ ከብት የተሠራ ስህተት ደግሞ በስምንት ሰው ፊት ይቅርታ ተጠይቆበት ይታለፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ከየት ላምጣ?

ቀድሞውኑ ከሚተዋወቁ ሰዎች። የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወላጆች ሊሆኑ ይችላሉ። የማይተዋወቁ ስምንት ሰዎችን ከየቦታው ለቃቅማችሁ ቡድን ለማድረግ ከሞከራችሁ ስምንት ጊዜ ስልክ ትደውላላችሁ፣ ስምንት ቦታ ታደርሳላችሁ። የሚተዋወቁ ሰዎች ግን አንድ ቦታ ይረከባሉ፣ አንዱ የሌላውን ይወስዳል፣ ገንዘብ ያዘገየውን እርስ በርስ ያስታውሱታል።

ከመካከላቸው አንድ አስተባባሪ ይኑር። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ራሱ ብቅ ይላል፤ ጥያቄ የሚያበዛው እሱ ነው። የቴሌግራም ግሩፑን ይከፍታል፣ ስም ይመዘግባል፣ ቀን ያስታውሳል። ለድካሙ አንድ ነገር ብታደርጉለት ተገቢ ነው፤ ዋጋ ቅናሽ ወይም ጥቂት ኪሎ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሌሎቹም ይወቁት። በድብቅ የተሰጠ ነገር ሲታወቅ ቡድኑን ይበትናል።

ደንበኞቼ «400 ኪሎ በሬ ገዝተን 140 ኪሎ ነው የደረሰን» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ከሁሉም ጥያቄ የሚበልጠው ይህ ነው። መልሱ መነገር ያለበትም ከእርዱ በፊት ነው፣ ገንዘብ ከመቀበላችሁም በፊት።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ሽያጬ ነው። ስምንት ሰው ነበር። «በሬው 400 ኪሎ ነው» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። እነሱ ለስምንት አካፍለው እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ጠበቁ። የደረሳቸው 18 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከመካከላቸው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። በርክክቡ ላይ ምንም አላሉም፣ አመስግነው ሄዱ። ማታ ደወሉልኝ። እያንዳንዱን ከረጢት በወጥ ቤት ሚዛናቸው መዝነው ወረቀት ላይ ጽፈውታል። «ልጄ፣ ሌባ ነህ አላልኩም። የቀረው የት እንደሄደ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ይህን ሊጠይቁኝ ባልተገባ ነበር። ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የቀረው የሄደው እዚህ ነው። 400 ኪሎ የሚባለው ከብቱ ቆሞ የተመዘነው፣ የቁም ክብደቱ ነው። ሲታረድ ደም፣ ቆዳ፣ ጭንቅላት፣ እግር እና ሆድ ዕቃ ይወጣል። የሚያመሰኳ እንስሳ ጨጓራው ውስጥ የያዘው መኖና ውኃ ብቻውን ብዙ አሥር ኪሎዎች ይመዝናል። ከዚህ በኋላ የሚንጠለጠለው ሥጋ፣ አጥንቱን እንደያዘ፣ ከቁም ክብደቱ 50 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው። በደንብ የደለበ የሥጋ ዝርያ ከ60 ሊያልፍ ይችላል። ቀጭን ከብትና የወተት ዝርያ ወደ 50 ይወርዳል። 55 በመቶ ብለን ብንይዝ በሬያችን ተንጠልጥሎ 220 ኪሎ ይመዝናል።

እዚያም አያበቃም። ሥጋው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲያድር ውኃው ስለሚተንን ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል። ከዚያ ብልት ሲወጣ አጥንት፣ ትርፍ ስብና ጅማት ይነሳል። ከረጢት ውስጥ የሚገባው ከተንጠለጠለው 60 እስከ 70 በመቶ ነው። በ65 ስናሰላው 143 ኪሎ ይሆናል። ለስምንት ሲካፈል እያንዳንዱ ሰው 18 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል።

አሁን ለእያንዳንዱ አዲስ ቡድን የምልከው መልእክት በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይጀምራል፦ 400፣ 220፣ 143። ከሥራቸው አንድ መስመር አለ፦ «ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይደርስዎታል፤ ቁርጡ ከእርድ በኋላ ይታወቃል»። ከዚያ ወዲህ የማታ ስልክ አልመጣልኝም። መምህርቷ ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው።

ዋጋውን በየትኛው ክብደት ላይ ልተምን?

ሦስት መንገድ አለ። በቁም ክብደት፣ በተንጠለጠለው ሥጋ ክብደት፣ ወይም ከረጢት ውስጥ በገባው።

የቁም ክብደት ለእናንተ ቀላል ነው፣ ለገዢው ግን ጨለማ ነው። ደግሞም ይዋዥቃል። ከብት ከመኖ ርቆ ግማሽ ቀን ቢቆምና ቢጓጓዝ ብዙ ኪሎ ሊጥል ይችላል። ጠዋት ጠጥቶ የተመዘነና ማታ ደክሞ የተመዘነ አንድ በሬ ሁለት የተለያየ ዋጋ ያወጣል።

በተንጠለጠለው ክብደት መሸጥ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ቄራው ራሱ መዝኖ ስለሚጽፈው የማንም ቃል አይደለም። ችግሩ ገዢው ዋጋውን ሥጋ ቤት ካየው ዋጋ ጋር ማነጻጸሩ ነው። የተንጠለጠለውን አንድ ኪሎ በ100 ብትሸጡለት እሱ የሚያበስለው አንድ ኪሎ የወጣበት ወደ 154 ነው። የ220 ኪሎው ዋጋ፣ 22,000፣ ለ143 ሲካፈል ማለት ነው። ይህን ራሳችሁ አስልታችሁ ንገሩት። ራሱ ካሰላው እምነቱን ታጣላችሁ።

እኔ ወደ ሦስተኛው ዞሬአለሁ፣ ከረጢት ውስጥ በገባው ኪሎ። አደጋውን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ከብቱ አጥንታም ቢሆን ኪሳራው የኔ ነው። ግን ገዢው የሚያየውንና የሚመዝነውን ነገር ይከፍላል። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። የከብቶቻችሁ ሥጋ አወጣጥ ምን ያህል እንደሆነ በሦስት አራት እርድ ከመዘገባችሁ በኋላ ግቡበት።

ዋጋውን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሒሳብ ሥሩ። ያው ከብት በቁሙ ገበያ ቢሸጥ ስንት ያመጣል? በዚያ ላይ የእርድ፣ የብልት ማውጫ፣ የማሸጊያ፣ የማቀዝቀዣና የማጓጓዣ ወጪ ደምሩ። የራሳችሁን ሰዓትም ደምሩ፤ ስልክ መመለሱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላል። የምታስቡት ዋጋ ከዚህ ድምር በደንብ ካልበለጠ በቁሙ መሸጥ ነውር የለውም።

ሚዛን የለኝም። የከብቱን ክብደት እንዴት ልገምት?

በሜትር። ከብቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው የኋላ አጥንት ያለውን ርዝመት ለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁን። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። ዙሪያው 180፣ ርዝመቱ 140 ቢሆን 418 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ግምት ነውና በአሥር በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ለደንበኛም ግምት መሆኑን ተናገሩ።

ሁሉም ሰው ጭቅናና ሽንጥ ነው የሚፈልገው። ሌላውን ምን ላድርገው?

መጀመሪያ ይህን ለራሳችሁ ተቀበሉ፦ የምትሸጡት ከብት ነው፣ ብልት አይደለም። አንድ በሬ ሁለት ጭቅና ብቻ አለው፤ ሁለቱ ተደምረው ጥቂት ኪሎ ናቸው። ከሥጋው ትልቁ ክፍል ወርች፣ አንገት፣ ፍሪምባ፣ ጎድንና የሚፈጭ ቁርጥራጭ ነው። ለአንዱ ደንበኛ «እሺ፣ ለአንተ ሽንጡን ላብዛልህ» ካላችሁ ከሌላው ወስዳችሁ ነው የምትሰጡት።

ስለዚህ ድርሻ ሲደለደል ከሁሉም ብልት ይደለደል። ሩብ የሚወስድ ሰው የፊት ሩብ ወይም የኋላ ሩብ መውሰድ የለበትም። የኋላው ለስላሳውን ይይዛል፣ የፊቱ መቀቀል የሚፈልገውን። ሁለቱ በክብደት ቢቀራረቡም በጥራት አይገናኙም። ግማሹ ጎን በሙሉ ብልት ይውጣ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ብልት ለሁለት ይከፈል። አንድ ስምንተኛም እንደዚያው።

እንዲህም ሆኖ እኩል የማይሆን ነገር አለ። ምላስ አንድ ነው። ሻኛ ካለው እሱም አንድ ነው። ኩላሊት ሁለት። እነዚህን ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ማን ይፈልጋል? ብዙ ጊዜ ከስምንት ሰው የሚፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ነው። ከበዛ ዕጣ ይጣል። እኔ ድርሻዎቹንም ራሳቸውን በዕጣ ነው የማድለው። መደቦቹ ተደርድረው ቁጥር ይለጠፍባቸዋል፣ ሰው ቁጥር ያወጣል። «ለእሷ የተሻለውን ሰጣት» የሚለው ሐሜት እዚያው ይሞታል።

ፍሪምባና ወርች የሚሸጠው ስለ አበሳሰሉ ሲነገር ነው። እነዚህ ብልቶች ብዙ የሠሩ ጡንቻዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ማያያዣ ሕብረ ሕዋስ በዝግታና በእርጥብ ሙቀት ሲበስል ወደ ጄላቲን ይለወጣል። በሰዓታት መቀቀል ይለሰልሳሉ፣ መረቃቸውም ይወፍራል። በፈጣን እሳት ላይ ከተጣሉ ግን ጫማ ይሆናሉ። ይህን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ከከረጢቱ ጋር ላኩ።

ቀብድ ልቀበል?

አዎ። ያለ ቀብድ ስም መመዝገብ ምኞት መመዝገብ ነው። ከጠቅላላው ግምት ሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ስጡ፣ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ሁኔታ ጻፉ። የእኔ ውል አጭር ነው። ከእርዱ ሁለት ሳምንት በፊት የሰረዘ ሙሉ ገንዘቡን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሰረዘ ምትክ ሰው ካገኘ ይመለስለታል። ከብቱ ታሞ ወይም ሞቶ ከቀረ ያለ ምንም ጥያቄ ለሁሉም ይመለሳል። ለዚህ ነው ቀብዱን ለመኖ ሳላወጣ ለብቻ የማስቀምጠው።

እርሻዬ ላይ አርጄ ማከፋፈል እችላለሁ?

ደንቡ ከአገር አገር ይለያያልና ለአካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ወይም የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። በብዙ አገሮች ለሽያጭ የሚቀርብ ሥጋ ፈቃድ ባለው ቄራ መታረድና መመርመር አለበት። ልዩነት የሚፈቅዱም አሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ገዢዎች ከብቱን በሕይወት ሳለ ከገዙት ለራሳቸው ፍጆታ ምርመራው ባልተሟላበት ቦታ ሊያሳርዱት ይችላሉ፤ ከረጢቱ ላይ ግን «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ይታተምበታል። ሥጋውን ለሌላ መሸጥ ክልክል ነው።

ደንቡ ቢፈቅድ እንኳ እኔ ቄራ እመርጣለሁ። መርማሪው ከብቱን በቁሙ ያየዋል፣ ከእርድ በኋላም ጉበቱን፣ ሳንባውን፣ ልቡንና ዕጢዎቹን ከፍቶ ያያል። ሳንባ ነቀርሳን፣ የጉበት ትልንና ጡንቻ ውስጥ የተደበቀ የኮሶ ትል ዕጭን ከውጭ ሆኖ ማንም አያውቀውም። ለጎረቤቶቼ ልጆች የምሸጠው ምግብ ነው። ስለዚህ ያ ማኅተም ያስፈልገኛል።

ከእርዱ በፊት ከብቱን እንዴት ልያዝ?

በእርጋታ። ይህ ለእንስሳው ርኅራኄ ነው፣ ለሥጋውም ጥቅም ነው። ከብት በጡንቻው ውስጥ የሚያከማቸው ጉልበት ግላይኮጅን ይባላል። ከእርድ በኋላ ግላይኮጅኑ ወደ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲዱ ሲበዛ ቁጥሩ ይቀንሳል) ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ከብቱ ሲባረር፣ ሲደበደብ፣ ከማያውቃቸው ከብቶች ጋር ተቀላቅሎ ሲዋጋ ካደረ ግን ግላይኮጅኑ ያልቃል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል። ሥጋው ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ቶሎ የሚበላሽ ይሆናል። የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

ስለዚህ ከሚያውቀው ጓደኛው ጋር ጫኑት። ዱላ አትጠቀሙ። ውኃ አይከልከል። ጭነቱ በቀዝቃዛው ሰዓት ይሁን።

መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ደግሞ ከሥጋው የሚጠፋበትን ቀን ቁጠሩ። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ የመቆያ ጊዜ አለው፤ አንዳንዱ ጥቂት ቀን፣ አንዳንዱ ከአራት ሳምንት በላይ። ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። የወጋችሁበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና የከብቱን የጆሮ ቁጥር ደብተር ላይ አስፍሩ። ደንበኛ «አንቲባዮቲክ ወስዷል?» ሲላችሁ ደብተሩን ግለጡለት።

ሥጋው ተንጠልጥሎ ስንት ቀን ይቆይ?

ከ0 እስከ 4 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ክፍል ከ10 እስከ 14 ቀን ጥሩ ነው። በዚህ ጊዜ የሥጋው የራሱ ኢንዛይሞች ጡንቻውን ያላሉታል። ከልስላሴው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይገኛል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጣዕሙ ይበረታል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ላዩ ላይ በቂ ስብ የሌለው ቀጭን ከብት ቶሎ ስለሚደርቅ ሳምንት ይበቃዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ትኩስ ሥጋ እንደታረደ ወዲያው በኃይለኛ ቅዝቃዜ ከተመታ ጡንቻው ይኮማተርና ይጠነክራል፤ በተለይ ስብ የሌለው። የቄራውን ሰው ስለዚህ ጠይቁት፤ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ሳትጨርሱ ይመልስላችኋል።

ጉበት፣ ኩላሊትና ልብ ግን አይጠብቁም። በእርዱ ቀን ወይም በማግሥቱ ለፈለገው ሰው ይድረሱ፣ አለዚያም ወዲያው ይቀዝቅዙ።

የማከፋፈያው ቀን እንዴት ነው የሚሆነው?

የእኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው አስተባባሪዋ ግቢ ይገባል። ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ የስም ዝርዝርና እስክሪብቶ ይወጣሉ። የበረዶ ሳጥኖቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ክዳናቸው እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ሚዛኑ ፊቱን ወደ ደንበኛው አዙሮ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ የአንድ ኪሎ ድንጋይ አስቀምጬ «አንድ» ማለቱን አሳያለሁ። ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ከረጢቶች በአንድ ላይ ይመዘናሉ። ቁጥሩን ደንበኛው ራሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሥር ሰዎች በአንድ ሰዓት ይጨርሳሉ፣ ግን ማንም ቶሎ አይሄድም። ልጆች ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ። የአበሳሰል ወሬ ይነሳል። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ግማሹ የሚሞላው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ደንበኞች የራሳቸውን ሳጥን ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘው እንዲመጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሥጋ ያለ ቅዝቃዜ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

ፍሪዘሩ የማይበቃው ደንበኛስ?

ከመመዝገቡ በፊት ጠይቁት። 100 ሊትር ፍሪዘር በግርድፉ ከ50 እስከ 60 ኪሎ የታሸገ ሥጋ ይይዛል። ግማሹ በሌላ ነገር ከተሞላ ግማሹን አስቡ። አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 18 ኪሎ፣ 35 ሊትር ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የቤት ፍሪዘር የቀዘቀዘ ሥጋ ለማቆየት ጎበዝ ነው፣ ያልቀዘቀዘን ለማቀዝቀዝ ግን ደካማ ነው። 100 ሊትር ፍሪዘር በቀን በደንብ ሊያቀዘቅዝ የሚችለው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው። ሃያ ኪሎ ያልቀዘቀዘ ሥጋ በአንዴ ከታጨቀበት መሀሉ ለብ እንዳለ ያድራል። ለዚህ ነው ሥጋውን ቄራው ጋ አቀዝቅዤ የማስረክበው።

በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጠ ሥጋ በደንብ ከታሸገ ለረጅም ጊዜ አይበላሽም፤ ጣዕሙ ግን ይደክማል። የተፈጨው በ4 ወር ውስጥ፣ ሙሉ ብልቱ በዓመት ውስጥ ቢበላ ጥሩ ነው። የተፈጨ ሥጋ በደንብ ይብሰል፤ መሀሉ 71 ዲግሪ ይድረስ። ሲፈጭ ላዩ ላይ ያለ ጀርም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

«ሥጋው ጠቁሯል፣ ደምም አለው» የሚል ስልክ መጣልኝ።

አየር ወጥቶለት የታሸገ ሥጋ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቀለሙን የሚሰጠው ማዮግሎቢን ኦክስጅን ሲያገኝ ነው የሚቀላው። ከረጢቱን ከፍተው ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከረጢቱ ሥር ያለው ቀይ ፈሳሽም ውኃና ማዮግሎቢን እንጂ ደም አይደለም፤ ደሙ በእርዱ ጊዜ ወጥቷል። ስቡ ቢጫ ሆኖ ቢያዩት አይደንግጡ። ለምለም ሣር የበላ ከብት ስቡ ከሣሩ ባገኘው ቤታ ካሮቲን ቢጫ ይሆናል። ሽታው የሚያስጠላ ከሆነ ግን ክርክር የለም፤ ገንዘባቸውን መልሱ።

«ሣር ብቻ የበላ» ብዬ ማስተዋወቅ እችላለሁ?

ሣር ብቻ ከበላ፣ አዎ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እህል ወይም ፋጉሎ ካበላችሁት አትበሉ። «በግጦሽ ያደገ፣ በመጨረሻ እህል የተጨመረለት» በሉ። ይህም ይሸጣል፤ ስብ የሚወድ ደንበኛ እንዲያውም ይመርጠዋል። እርሻው ለጉብኝት ክፍት ይሁን። በቀጥታ የሚገዛ ሰው ዋናው ጥቅሙ የሚበላውን ማወቁ ነው፤ ይህን ካጎደልንበት ከሥጋ ቤት በምን እንሻላለን?

በዓመት ስንት ጊዜ ላርድ?

በከብቶቻችሁ ልክ። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከምናምን ነው፤ ጥጃው ለእርድ እስኪደርስ ደግሞ ዓመት ተኩል፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ዛሬ ለጨመረ ደንበኛ የሚሆነው ከብት ከሁለት ዓመት በፊት መወለድ ነበረበት። ስለዚህ ተጠባባቂ ዝርዝር ያዙ። «ለዚህ ዙር ሞልቷል» ማለት አያሳፍርም። ከማያውቁት ሰው ከብት ገዝቶ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን ያሳፍራል።

«ሥጋው ጠነከረብኝ» ሲሉኝስ?

መጀመሪያ አድምጡ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ብልት ነው? እንዴት ተሠራ? አንዱ ደንበኛዬ በጣም ተናዶ ደወለ። በነጋታው ቤቱ ሄድኩ። ከፍሪዘር አውጥቶ ያሳየኝ ከረጢት ላይ «ወርች» ይላል። በስስ ከትፎ በኃይለኛ እሳት ጠብሶታል። እኔ ብልቱን በስሙ ስለማውቀው ስሙን መጻፍ በቂ መስሎኝ ነበር። ከረጢቱን በሌላ ቀየርኩለትና ሁለተኛውን ወርች አብረን በድስት ጣድነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ በሹካ ይፈረፈር ነበር። ከዚያ ዙር ጀምሮ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ከብልቱ ስም ሥር በጉልህ «ለመቀቀል» ወይም «ለመጥበስ» ብለን እንጽፋለን።